የእስክንድርያው ደብር

አማቴ ከአዲስ አበባ የመጡ ሰሞን፣ በነጋ ቁጥር ነጠላቸውን አጣፍተው በሳሎናችን መስኮት በኩል ይሳለሙ ነበር። ሦስት ጊዜ ያማትባሉ፣ ጎንበስ ይላሉ፣ ከንፈራቸው ጥቂት ይንቀሳቀሳል፣ ከዚያ ወደ ቡናቸው ይመለሳሉ። ወደ ምሥራቅ ዞረው የሚጸልዩ መስሎኝ ሁለት ሳምንት ሙሉ ምንም አላልኩም። አንድ ቅዳሜ ግን ሁለተኛው ቡና እየተቀዳ ሳለ፣

«አንተ፣ የዚህ ደብር ታቦት ማነው?» አሉኝ።

«የትኛው ደብር፣ እማማ?»

በአገጫቸው ወደ መስኮቱ አመለከቱኝ። ከዛፎቹ በላይ፣ ኮረብታው አናት ላይ፣ ከታች ሰፍቶ ወደ ላይ በእርከን እየቀጠነ የሚሄድ ግዙፍ የድንጋይ ማማ ቆሟል። መስቀል የለውም። እሳቸው ግን «ዓይኔ ደክሞ ነው» ብለው ጥፋቱን በራሳቸው ላይ አድርገውታል።

ቡናው ትን አለኝ። ባለቤቴ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ አፈጠጠችብኝ፤ «እንዳትናገር» ማለቷ ነው። ምላሴ ቀደመኝ።

«እማማ፣ ያ ቤተ ክርስቲያን አይደለም። የፍሪሜሰኖች አዳራሽ ነው።»

አማቴ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። ቃሉን ያውቁታል። በስልካቸው የሚያዳምጡት ሰባኪ ሦስት ጊዜ ከሰበከ አንዱን ስለ ፍሪሜሰን ነው። ረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ፣ «ሁለት ሳምንት ሙሉ ስሳለም ታየኝ ነበር?» አሉ። ከዚያ ደቂቃ ጀምሮ የዚያ መስኮት መጋረጃ ተዘጋ፤ ሳሎናችን በቀን መብራት የሚበራበት ቤት ሆነ።

እውነቱን ለመናገር ግን የሚያሳስት ነገር ነበረው። የምንኖረው አሌክሳንድሪያ ነው፤ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ከዋሽንግተን የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ። ለአማቴ ይህ «እስክንድርያ» ነው። እስክንድርያ ደግሞ ለተዋሕዶ ሰው ተራ የከተማ ስም አይደለም፤ ስንት መቶ ዓመት ጳጳስ ያስመጣንበት፣ በ1959 የራሳችን ፓትርያርክ እስኪሾምልን ድረስ ዓይናችን ያልተነቀለበት መንበር ነው። (ዓመቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ አማቴ እያንዳንዱ ላይ ሰባት ስምንት እየቀነሱ ነው የሰሙኝ።) የቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ስሟን ያገኘችው ከማርቆስ መንበርም ከታላቁ እስክንድርም አይደለም። አሌክሳንደር የሚባል ከስኮትላንድ የመጣ ቤተሰብ የመሬቱ ባለቤት ስለነበር ነው። የሕንጻው አርክቴክት ሃርቪ ኮርቤት ግን ስሙን እንደ አማቴ ነው የተረጎመው፤ ማማውን የነደፈው በግብጿ እስክንድርያ የነበረውን ጥንታዊ የመርከብ መብራት ቤት፣ ፋሮስን አስመስሎ ነው። ስለዚህ በግማሽ አልተሳሳቱም ብዬ ላጽናናቸው ሞከርኩ። በግማሽ የሚጽናኑ ሴት አይደሉም።

በማግስቱ ጓደኛዬ ሊጠይቃቸው መጣ። ታክሲ ነጂ ነው። ዋሽንግተን ውስጥ ያልነዳበት ጎዳና፣ ዩቲዩብ ላይ ያላየው ቪዲዮ የለም። ወሬውን ሲሰማ ወንበሩን ወደ አማቴ አስጠጋ።

«እትዬ፣ የዚያ ማማ ቁመት ስንት ጫማ እንደሆነ ያውቃሉ? 333!» ጣቱን ቀሰረ። «የ666 ግማሽ!»

«ግማሹስ የት ሄደ?» አሉ አማቴ።

ለዚህ አልተዘጋጀም። ትንሽ አስቦ «ወደ መሬት ውስጥ ይወርዳል» አለ።

ቀጥሎ ከኪሱ አንድ ዶላር አውጥቶ ፒራሚዱንና ከላይ ያለችውን ዓይን አሳያቸው። እዚህ ላይ ጣልቃ ገባሁ። ዓይኗና ፒራሚዱ በ1782 የጸደቀው የአሜሪካ ማኅተም ላይ ያሉ ናቸው። ማኅተሙን እንዲነድፍ መጀመሪያ በተቋቋመው ኮሚቴ ውስጥ ፍሪሜሰን የነበረው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ብቻ ነው፤ የእሱም ሐሳብ ተቀባይነት አላገኘም። ማኅተሙ አንድ ዶላር ላይ የገባው ገና በ1935 ነው። በዚያን ጊዜ ፕሬዝዳንት የነበረው ፍራንክሊን ሩዝቬልት ፍሪሜሰን መሆኑን ግን ሆን ብዬ ዘለልኩት። ጓደኛዬ የሌሊት ፈረቃ አለበት፤ መንዳት ይኖርበታል።

አማቴ ሁለታችንንም ሰምተው ሲያበቁ ውሳኔያቸውን ተናገሩ።

«ሁለት ሳምንት ተሳልሜዋለሁ። ምን እንደተሳለምኩ ማየት አለብኝ።»

ጓደኛዬ ሲሰናበት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ብቻ እጃቸውን እንዳይጨብጡ፤ አጨባበጣቸው ምሥጢር አለው» አላቸው።

ቅዳሜ ዕለት ሄድን። አማቴ ነጭ በነጭ ለብሰዋል፣ መቁጠሪያቸው አንገታቸው ላይ ነው፣ ቦርሳቸው ውስጥ በውሃ ላስቲክ የተቀዳ ጠበል አለ። ከባቡር ጣቢያው ጀምሮ ሕንጻው ፊት ለፊት ገጭ ይላል፤ ኮረብታው ወገብ ላይ ከአውሮፕላን የሚታይ ትልቅ ምልክት ተነጥፏል፦ ከታች እስኳድራ፣ ከላይ የተከፈተ ኮምፓስ፣ መሀሉ ላይ «ጂ» የምትባል ፊደል። አማቴ ቆም ብለው አዩት።

«ይኼ እስኳድራ አይደለም እንዴ?»

«ነው፣ እማማ።»

«የሟቹ ዕቃ እዚህ ምን ይሠራል?»

ረስቼው ነበር። የአማቴ ባለቤት ግንበኛ ነበሩ። እስከ ዕለተ ሞታቸው ድንጋይ ሲጠርቡና ሲያስተካክሉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ የዕቃ ከረጢታቸው ዛሬም አዲስ አበባ አልጋው ሥር ተቀምጧል፤ ማንም እንዲነካው አይፈቀድም። እኔ ለአማቴ ፍሪሜሰን ማለት «ነጻ ግንበኛ» መሆኑን ያን ጊዜ ነው የነገርኳቸው። ከዚያ በኋላ አረማመዳቸው ተለወጠ። ሲመጡ ክፉ መንፈስ ሊጋፈጡ ነበር፤ አሁን የባላቸውን ሙያ ማን እንደወሰደው ሊያጣሩ ነው።

ትኬት ቆርጠን ገባን። (ላሊበላ ላይ ፈረንጁ ሲከፍል እኛ በነጻ የምናልፈውን አስቤ ነበር። ዞሮ ዞሮ ተራው ደረሰ።) አስጎብኚያችን ሰባውን የዘለሉ፣ ሸሚዛቸው የተተኮሰ፣ ፊታቸው ፈገግታ የማያጣው ሽማግሌ ናቸው። እጃቸውን ዘረጉ። የጓደኛዬ ማስጠንቀቂያ ትዝ ብሎኝ አማቴን አየኋቸው። ጨበጡ፤ እንዲያውም ቶሎ አልለቀቁም፣ ትንሽ ገልበጥ አድርገው መዳፋቸውን አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ፣

«ይኼ ሰውዬ ግንበኛ አይደለም። እጁ ጥጥ ነው።»

ሽማግሌው ምን አሉ ብለው ጠየቁኝ። ተረጎምኩላቸው። ከልባቸው ሳቁ። ጡረታ የወጡ የሒሳብ ሠራተኛ ናቸው።

የነገሩ ሥር እንዲህ ነው። በመካከለኛው ዘመን በእንግሊዝና በስኮትላንድ ካቴድራል የሚሠሩ ድንጋይ ጠራቢዎች ማኅበር ነበራቸው። ሙያውን ይጠብቃሉ፣ ጀማሪውን ያሠለጥናሉ፣ የታመመ ባልደረባ ይረዳሉ። ጊዜ ሲያልፍ ድንጋይ ነክተው የማያውቁ መኳንንትና ምሁራን ይገቡበት ጀመር፤ በመጨረሻ ግንበኛው ወጥቶ ስሙና ዕቃው ብቻ ቀረ። ሰኔ 24 ቀን 1717 አራት የለንደን ማኅበራት ተሰብስበው አንድ ትልቅ ማኅበር አቋቋሙ ይባላል። የተሰበሰቡት «ዝይና መጥበሻ» የሚል ስም በነበረው መጠጥ ቤት ነው። እስኳድራው ቀጥ ያለ ሥነ ምግባር ማለት ሆነ፤ ኮምፓሱ ምኞትን በልክ መያዝ፤ ቱንቢው ቀጥ ብሎ መቆም፤ ውሃ ልኩ የሰው እኩልነት። ጀማሪ፣ ባልደረባ፣ ዋና ግንበኛ የሚሉ ሦስት ማዕረጎችም አሉት። ለአማቴ ስተረጉም ውሃ ልኩ ላይ ስደርስ አቋረጡኝ።

«ሟቹ በውሃ ልክ ግድግዳ ነበር የሚያስተካክለው» አሉ። ከዚያ ጥቂት ቆይተው፣ «እሱም ቢሆን የጎረቤቱ አጥር ላይ ዘሟል» ብለው ጨመሩ። ሙት አይወቀስም የሚሉት እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

ትልቁ አዳራሽ ውስጥ ስምንት አረንጓዴ የግራናይት ዓምዶች ግራና ቀኝ ቆመዋል። በመጨረሻው ላይ ከአምስት ሜትር በላይ የሚረዝም የነሐስ ጆርጅ ዋሽንግተን አለ፤ በ1950 መጋረጃውን የገለጠው ፕሬዝዳንት ሃሪ ትሩማን ሲሆን እሱም ፍሪሜሰን ነበር። አማቴ ከታች እስከ ላይ አዩት፤ ዓይናቸው ወገቡ ላይ ቆመ።

«ሽርጥ ለብሷል።»

«አዎ፣ የማኅበሩ ልብስ ነው። የድንጋይ ጠራቢ ሽርጥ ነበር በጥንት ጊዜ።»

«አገር የመራ ሰው?» አሉ። ዞር ብለው ደግሞ አዩኝ። እኔ ቤት ውስጥ አንድ ቀን ሽርጥ ለብሼ ሽንኩርት ስከትፍ ያዩኝ ጊዜ ለልጃቸው ምን ብለው እንደነበር አውቃለሁ። ስለ ሽንኩርቱ ከዚያ ወዲህ አላነሱም፤ ይህን ብቻ ለፍሪሜሰኖቹ አመሰግናለሁ።

ዋሽንግተን ማኅበሩን የተቀላቀለው በ20 ዓመቱ፣ በ1752 ነው፤ ኋላም እዚሁ አሌክሳንድሪያ የነበረው ማኅበር ሰብሳቢ ሆነ። ግድግዳው ላይ ካሉት ሁለት ታላላቅ ሥዕሎች አንዱ፣ መስከረም 18 ቀን 1793 ሽርጡን ታጥቆ የምክር ቤቱን ሕንጻ፣ የካፒቶልን የመሠረት ድንጋይ ሲያስቀምጥ ያሳያል። ሥነ ሥርዓቱ ሙሉ በሙሉ የፍሪሜሰን ነበር፤ በዚያን ቀን የያዘው የግንበኛ ማንኪያ ዛሬም አለ፤ ይህ ሕንጻ በ1923 ሲጀመርም በዚያው ማንኪያ ነው ኖራ የተቀባው። የጠፋው ድንጋዩ ነው። አዎ፣ የካፒቶል የመሠረት ድንጋይ የት እንደገባ እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ ተፈልጎ ተፈልጎ አልተገኘም። ይህን ስተረጉምላቸው አማቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብለው ሳቁ። እሳቸው ሰፈር ባለሥልጣን በጭብጨባ ያስቀመጠው የመሠረት ድንጋይ ስንት ክረምት አልፎበት፣ በሣር መሀል ጽሑፉ ሳይቀር እንዳለ ነው። የሌለው ሕንጻው ነው።

ለነገሩ ይህ ሕንጻም ከእኛ አሠራር ብዙ አይርቅም። ፍሪሜሰኖቹ ያለ ብድር፣ ከአባላት በተዋጣ ገንዘብ እየገነቡ፣ ማማው በ1932 ቢመረቅም የውስጡ ሥራ ያለቀው በ1970 ነው። ብር ሲገኝ አንድ ክፍል፣ ብር ሲገኝ አንድ ክፍል። ገርጂ ላይ ዘመዶቻችን ቤት የሚሠሩት እንደዚሁ ነው።

በአንዱ ክፍል ውስጥ የዋሽንግተን መኝታ ቤት የነበረ ሰዓት አለ። ታኅሣሥ 14 ቀን 1799 ሲሞት፣ ከሐኪሞቹ አንዱ የሆነው ዶክተር ኤሊሻ ዲክ የሰዓቱን ገመድ ቆርጦ አቆመው ይባላል፤ በእኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ20 ላይ። ያን ቀን ሐኪሞች ደሙን ደጋግመው ቀድተውታል፤ ይብቃ ብሎ የተከራከረው ዲክ ነበር። የሚሰማው ቢያጣ ሰዓቱን አቆመ።

አሳንሰሩ ላይ ስንሳፈር ሽማግሌው አስጠነቀቁን፦ ማማው ወደ ላይ ስለሚጠብ፣ አሳንሰሩ ቀጥ ብሎ አይወጣም፣ ወደ መሀል እየዘመመ ነው የሚሄደው። አማቴ መቁጠሪያቸውን ጨበጡ። «እስኳድራ ምልክቱ የሆነ ሰው፣ አሳንሰሩን አዘመመ» አሉ።

እየወጣን ሳለ ሽማግሌውን ስለ ማኅበሩ ጠየቅኳቸው። ሰብሳቢ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ገንዘብ ያዥ አለ። መዋጮ ይሰበሰባል፣ ቃለ ጉባኤ ይነበባል፣ ካለፈው ስብሰባ ያደረ ጉዳይ ይነሳል፣ ከዚያ ራት ይበላል። አባል ሲሞት ይቀብራሉ፣ መበለቲቱን ይጠይቃሉ። በር ላይ ሰይፍ የያዘ ዘበኛ አለ። አማቴ ይህን ሁሉ ሲሰሙ ፊታቸው እየተፈታ ሄደ።

«ዕድር ነዋ!» አሉ።

«ሰይፍ ያለው ዕድር» አልኩ።

በስብሰባ ላይ ሃይማኖትና ፖለቲካ ማንሳት ክልክል ነው። እንዲህ ያለ ደንብ የእኛ ዋሽንግተን አካባቢ ማኅበራት ላይ ቢወጣ፣ የቃለ ጉባኤው መዝገብ አንድ ገጽ አይሞላም ነበር። ሽማግሌው ደግሞ ብሶታቸውን አነሱ፦ በ1950ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ከ4 ሚሊዮን በላይ አባላት ነበሩ፤ ዛሬ ከአንድ ሚሊዮን በታች ናቸው። ወጣቱ አይመጣም፣ ቢመጣም ወንበር አጣጥፎ አያስገባም። አማቴ ሳይተረጎምላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ይህ ቅሬታ በየትኛውም ቋንቋ ዜማው አንድ ነው።

ስለ ምሥጢሩስ? ሽማግሌው ትከሻቸውን ነቀነቁ። ሳሙኤል ፕሪቻርድ የሚባል ሰው የአቀባበሉን ሥርዓት፣ ምልክቱንና የይለፍ ቃሉን በ1730 አሳትሞ ሸጦታል። ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው። ጓደኛዬ ሃያ ዓመት ሲያስስ የኖረው ነገር መጽሐፍ መደብር ውስጥ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልጠይቅ ማለፍ አልቻልኩም። «ጥቁሮችስ?» አልኩ። ፈገግታቸው ትንሽ ቀዘቀዘ። በ1775 ቦስተን ውስጥ ፕሪንስ ሆል የሚባል ጥቁር ከ14 ጓደኞቹ ጋር ማኅበሩን ሲቀላቀል፣ የተቀበሉት አሜሪካውያኑ አልነበሩም፤ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የነበረ የወታደሮች ማኅበር ነው። (ፕሪንስ ማዕረጉ አይደለም፣ ስሙ ነው፤ እንደ እኛው ልዑል።) የአገሩ ነጮች ፈቃድ አንሰጥም ሲሉ ከለንደን በ1784 አስፈቀደ። ውሃ ልክን የእኩልነት ምልክት ያደረገ ማኅበር ጥቁሩን ወንድሜ ለማለት ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ፈጀበት፤ ከነጮቹ ማኅበራት መጀመሪያ ጸንቶ የቆየ እውቅና የሰጠው የኮነቲከት ነው፣ በ1989። የፕሪንስ ሆል ሰዎች የገነቡት አዳራሽ ዋሽንግተን ውስጥ ዩ ጎዳና ላይ ነው፤ አልበርት ካሰል የሚባል ጥቁር አርክቴክት ነድፎት በ1930 ያለቀ። ከሐበሻ ምግብ ቤቶቹ ሁለት እርምጃ ነው። ጓደኛዬ በየማታው ታክሲውን አቁሞ ክትፎ የሚበላው በዚያው አካባቢ ነው። አንድም ቀን ቀና ብሎ አላየውም፤ አስፈሪው ፍሪሜሰን ሁልጊዜ ኮረብታ ላይ ያለው ነው።

ከዚያ አሳንሰሩ ቆመ፣ በር ተከፈተ፣ የግብጽና የዕብራውያን ሥዕል ያለበት ክፍል ውስጥ ገባን። መብራት ወለል ብሎ በርቷል። በብርሃኑ ውስጥ፣ ወርቅ የተቀባ ሣጥን፣ ክዳኑ ላይ ክንፋቸውን የዘረጉ ኪሩቤል።

አማቴ ቀጥ ብለው ቆሙ። ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሳቡ።

«ሸፍኑት!»

«እማማ፣ ቅጂ ነው፤ ለትርዒት የተሠራ።»

«ቅጂም ቢሆን! መጋረጃውን ማን ነው የገለጠው?»

ፍሪሜሰኖች ምሥጢራቸውን በአብዛኛው የሚቀዱት ከሰሎሞን ቤተ መቅደስ ነው፤ ስለዚህ የቃል ኪዳኑን ታቦት ማሳየታቸው ለእነሱ ተፈጥሯዊ ነገር ነው። ሽማግሌው የአማቴን መደንገጥ አይተው ከየት እንደመጣን ጠየቁኝ። ኢትዮጵያ ስላቸው ፊታቸው በራ። «አክሱም!» አሉ። «ዋናው እናንተ ዘንድ ነው ይባላል። እናታችን አይተውታል?»

ተረጎምኩ።

«ምን ማለቱ ነው? አይታይም!»

«ታዲያ ማን ያየዋል?»

«ጠባቂው ነዋ። አንድ መነኩሴ ነው። ከተመረጠ በኋላ እስኪሞት ከዚያ ግቢ አይወጣም።»

«እሱስ ምን ይመስላል ይላል?»

«አይነገርም!»

ሽማግሌው አማቴን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ሣጥኑን አዩ። ከዚያ በዝግታ፣ «እና ምሥጢረኞች የምንባለው እኛ ነን?» አሉ።

ልተርጉም ወይስ አልተርጉም ብዬ ተጨነቅሁ። ተረጎምኩ። አማቴ አልተቆጡም። ነጠላቸውን ከዓይናቸው ዝቅ አድርገው ሰውየውን በርኅራኄ ተመለከቱ፤ ባዶ ሣጥን በመብራት የሚጠብቅ ሰው አሳዝኗቸዋል መሰለኝ። «በለው» አሉኝ፣ «ያለው ሰው ነው የሚሸፍን።»

ይህን አልተረጎምኩም። «ስላስጎበኙን አመሰግናለሁ ብለዋል» አልኩ።

ከማማው አናት ላይ ሁሉም ነገር ይታያል፦ ወንዙ፣ የሚያርፉት አውሮፕላኖች፣ በሩቁ የካፒቶል ጉልላት። አማቴ ምንም አላዩም፤ ሲፈልጉ የነበረው የእኛን መስኮት ነው። ስናገኘው ተገረሙ። መጋረጃው የተዘጋ ስለሆነ ከሌሎቹ መሀል ለመለየት አላስቸገረም።

ማታ ጓደኛዬ ደወለ፤ ትዕግሥት አልነበረውም። ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ለአማቴ ሰጠኋቸው። «እሺ እትዬ! ገቡ? ምን አዩ? ከመሬት በታች ያለውን አሳዩዎት? እባክዎ ይንገሩኝ እንጂ!»

አማቴ መቁጠሪያቸውን በእጃቸው ላይ ጠቀለሉ። እኔን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አይነገርም» አሉና ስልኩን መለሱልኝ።